ገና ያልወጣው አልበም

ወረቀቱ ከሂሳብ ደብተር የተቀደደ ነበር። ቅዳሜ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ወንበር ስናነሳ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ጋሼ፣ ብቻህን ስትሆን አንብበው» ብሎኝ ወጣ። የጸሎት ርዕስ መስሎኝ ኪሴ ከተትኩት። ታክሲ ውስጥ ስከፍተው ከላይ «የምወዳቸው» ይላል፤ ከሥሩ ከአንድ እስከ አሥር የተቆጠሩ የሄቪ ሜታል አልበሞች አሉ። ቀጥሎ መስመር ተሰምሮ «የሚጠበቁ» የሚል ሌላ ርዕስ ነበር። ከሁሉም በታች በትንንሽ ፊደል አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦ «እነዚህን የሚሰማ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይባረራል?»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከወር በፊት የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ሲመጣ አንድ አገልጋይ በሰው ፊት ገሥጾት ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ቀረ። በአራተኛው ይህን ወረቀት ይዞ መጣ። በተገሠጸበት ቀን እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ግን አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ዝርዝሩን ሳነብ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከአሥሩ ሰባቱን አውቃቸዋለሁ። የማውቃቸውም በወሬ አይደለም፤ የትኛው ጊታር የት ላይ እንደሚገባ ጭምር ነው። እስካሁን ያስተማርኳቸው ወጣቶች ይህን ስለ እኔ አያውቁም። ዛሬ ልንገራችሁ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አባቴ ሞተ። ለቅሶው ላይ አያቴ ከገጠር መጣች። እርሷ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረችም። ነጠላዋን አደግድጋ ግቢው መሐል ቆመችና ለልጇ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ልጅ ሳለ ያደረገውን፣ ለእርሷ የላከላትን ጋቢ፣ ሳይሠራ የቀረውን ቤት እየጠራች አለቀሰች። ጥቂት እንደቆየች አንድ ወንድም ቀርቦ በትሕትና «እማማ፣ እኛ አማኞች እንዲህ አናለቅስም» አላት። አያቴ ግራ ተጋብታ ዙሪያዋን አየችና ዝም ብላ ተቀመጠች። ኳየሩ የደስታ መዝሙር ቀጠለ። እኔም የበኩር ልጅ ነኝና ዓይኔ ሳይረጥብ እንግዳ ተቀበልኩ። ሰዎችም «እምነቱ እንዴት ጠንካራ ነው!» አሉኝ። እውነቱ ግን ጠንካራ አልነበርኩም፤ ማልቀሻ ቦታ አጥቼ ነው።

ዛሬ ያንን ክፍል ሳስተምር ለተማሪዎቼ አጥብቄ የምነግራቸው ነገር አለ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው የጻፈላቸው፤ ጨርሶ እንዳያዝኑ አይደለም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ያን ቀን ግን ይህን ለአያቴ የሚነግርላት ሰው አልነበረም።

ወደ ግቢ ተመለስኩ። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከላይኛው አልጋ የሚተኛ የዶርም ጓደኛዬ አንድ ሌሊት አንዱን ኢርፎን ወደ ታች አውርዶ «እንካ፣ ይህን ስማ» አለኝ። የሜታሊካ ሦስተኛ አልበም «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ነበር። መጀመሪያ ጫጫታ መሰለኝ። ቆየት ብዬ ሳዳምጠው ግን ጫጫታው ሥርዓት አለው፤ አንዱ ጊታር ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ድራሙ ደረቴን ይመታል። ግጥሙን ገና አልተረዳሁትም። ድምፁን ግን አወቅሁት። አያቴ እንዳትጨርሰው የተከለከለችው ሙሾ ነበር። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ፣ አባቴ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂ ሆንኩ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። ሽፋኑ ላይ ነጫጭ የመቃብር መስቀሎች ተደርድረው ከላይ በክር ተይዘዋል። የርዕሱ ዘፈን ስለ ሱስ ነው፤ ሱስ ራሱ አንደበት አውጥቶ ሰውየውን እንደ አሻንጉሊት በክር እንደሚጎትተው ይናገራል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን ስዊድን ውስጥ በአውቶብስ አደጋ በ24 ዓመቱ ሞተ። ስለ ሞት የሚዘፍኑት ልጆች ሞትን በቅርብ አዩት።

ከእነርሱ ወደ ኋላ ሄጄ ምንጩን ፈለግሁ። ሄቪ ሜታል ከየት መጣ ሲባል ብዙዎች የሚጠቅሱት በእንግሊዝ አገር የምትገኘውን የፋብሪካ ከተማ በርሚንግሃምን ነው። ቶኒ አዮሚ የሚባል ወጣት ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን አውታር የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃ ጃንጎ ራይንሃርት የተባለ ጊታር ተጫዋች ያለበት ሸክላ አስደመጠው። ይህ ሰው ከቃጠሎ አደጋ በኋላ በዋናነት በሁለት ጣት የሚጫወት ነው። አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት። አውታሩ እንዳያሳምመው ቀጭን ገመድ መረጠ፤ በኋላም ላላ አድርጎ ቃኘው። አውታር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይወፍራልም። ዛሬ ዓለም «ከባድ» የሚለው ድምፅ በከፊል ከዚያ ቁስል የወጣ ነው።

ቆዳ ስል በገና ትዝ አለኝ። በዐቢይ ጾም ከጎረቤት ቤት የሚሰማው ያ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ የሚወጣው አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት ላይ ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው። ቆዳው ባይኖር ድምፁ ጥርት ይል ነበር፤ አባቶች ግን እንዲነዝር ፈለጉ። ሐዘንና ንስሐ የጠራ ድምፅ እንደማይበቃቸው የገባቸው ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ ጊታር ዲስቶርሽን ስሰማ እንግዳ ያልሆነብኝ ለዚህ ይሆን?

የአዮሚ ባንድ ስም ብላክ ሳባዝ ነው። ስሙ የተወሰደው ከአንድ የአስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ወጣ። የባንዱን ስም የያዘው ዘፈን ብዙዎች እንደሚሉት ለሰይጣን የተዘመረ አይደለም፤ ጥቁር ነገር ፊቱ ቆሞ ያየ ሰው ደንግጦ እግዚአብሔር እንዲረዳው ሲጮኽ ነው የሚሰማው። በ1971 ባወጡት «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ውስጥ ደግሞ በእግዚአብሔር ማመንን የሚያፌዝበትን ሰው የሚሞግት ዘፈን አለ። ግጥሙን የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤት ያደገ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በአንድ ኮንፈረንስ ላይ ሰባኪው እነዚህን ዘፈኖች ወደ ኋላ ብታጫውቷቸው የሰይጣን ድምፅ ይሰማል አለ። በማግስቱ ኮፒ ያደረግኳቸውን አሥራ አራት ሲዲዎች ከዶርሙ ጀርባ ሰባበርኳቸው። ጌታን ከማንም በላይ መውደድ ፈልጌ ነበር፤ ያንን ፍላጎቴን ዛሬም አልንቀውም። ሙዚቃ ለእኔ ከጸሎት የሚቀድም ሆኖ ነበርና ማቆሜም ጠቀመኝ። ነገር ግን ከሲዲዎቹ ጋር ለቅሶዬንም ሰባብሬ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ማንም «እንዴት ነህ?» ሲለኝ መልሴ «ጌታ ይመስገን» ብቻ ነበር፤ የከፋኝ ቀንም ቢሆን።

የልጁን ወረቀት ኪሴ ይዤ የቆየሁት ለዚህ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ ሁለት ጥቅስ ጽፌ መመለስ ነበር። በኋላ ግን ደወልኩለትና ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ማኪያቶ ልጋብዘው ቀጠርኩት። «ዝርዝሩን አብረን እንሰማዋለን፤ አንተ ታስረዳኛለህ» አልኩት። በስልክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን ተቀመጥን። አንደኛ ላይ የጻፈው ብላክ ሳባዝን ነው። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2025 በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት ወንበር ላይ ተቀምጦ በተወለደበት ከተማ የስንብት ኮንሰርቱን እንዳቀረበ፣ ከ17 ቀን በኋላም እንደሞተ ነገረኝ። ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። ከአገራችን የጻፈው አንድ ብቻ ነበር፤ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»። «ሜታል አይደለም፣ ሮክ ነው። ግን በአማርኛ ጊታር እንዲህ ሲጮኽ ስሰማ ደስ ስለሚለኝ አስገባሁት» አለኝ።

ሁለተኛ ላይ የሜታሊካ «ሰቨንቲ ቱ ሲዝንስ» ነበር፤ በ2023 የወጣ ነው፣ እኔ አላውቀውም። «ሰባ ሁለት ወቅት ማለት ነው፣ ጋሼ። በዓመት አራት ወቅት አለ አይደል? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህ ሰባ ሁለት ይሆናል። እስከዚያ የደረሰብህ ነገር ቀሪ ዕድሜህን ይከተልሃል ነው የሚሉት» አለኝ። ከዚያ ጣቱ ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ በ1991 የወጣውና በሽፋኑ «ጥቁሩ አልበም» የሚባለው። «ከዚህ ውስጥ አንዱን ዘፈን ነው የምፈራው» አለ።

ዘፈኑ «ዘ ጋድ ዛት ፌይልድ» ነው፤ ያልታደገው አምላክ እንደማለት። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ስልኩን ይቀማዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። የባንዱ ዘፋኝ ጄምስ ሄትፊልድ ያደገው ክርስቲያን ሳይንስ በሚባል እምነት ውስጥ ነው፤ ተከታዮቹ ከሕክምና ይልቅ በጸሎት ብቻ መፈወስን ይመርጣሉ። አባቱ በ13 ዓመቱ ጥሎት ሄደ። እናቱ ካንሰር ይዟት ሕክምና ሳታገኝ በ16 ዓመቱ ሞተች። ዘፈኑ የዚያ ልጅ ጩኸት ነው።

«ለምን ትፈራዋለህ?» አልኩት።

ማኪያቶውን ሳይጠጣ እያማሰለ ነገረኝ። እናቱ በሳምንት ሁለት ቀን ኩላሊቷን ትታጠባለች። ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ ሰው ቤታቸው መጥቶ ጸለየላትና «ተፈውሰሻል፤ ከእንግዲህ ወደ ማሽን አትሂጂ» አላት። ባለፈው ዓርብ ቀረች። ማክሰኞ ጠዋትም ቀረች። እግሯ አብጧል፤ ሌሊት ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው። «ለቤተ ክርስቲያን ሰው ብናገር እምነት የለህም ይሉኛል። ጋሼ፣ ይህ ዘፈን የእኔ ታሪክ እንዳይሆን ነው የፈራሁት» አለኝ።

ያንኑ ምሽት አንድ ሽማግሌና ነርስ የሆነች እኅት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ረጅም ስብከት አልሰበኩም። እጃቸውን ይዘው «እኅቴ፣ ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጌታ ሊፈውስሽ ከፈለገ ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽም ያገኝሻል» አሏቸው። እናቱም «ብሄድ ጌታን የካድኩ መስሎኝ ነው» ብለው አለቀሱ። በማግስቱ ጠዋት ልጁ ደግፎ ወሰዳቸው። ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ይታጠባሉ። አልተፈወሱም፤ በሕይወት አሉ። እኛም ለወጪው እናዋጣለን፤ እንጸልያለንም። ይህን የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው።

ወገኖቼ፣ ያን ልጅ በቲሸርቱ አባርረነው ቢሆን ኖሮ እናቱ ምን ይሆኑ ነበር? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያን ቀን ዝም ብዬ የቆምኩበት ቦታ ይታየኛል።

ይህን ስል ሁሉንም ባርኬ ሰጠሁት ማለቴ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ብላክ ሜታል በሚባለው ክበብ ውስጥ የነበሩ ወጣቶች የዘመናት ዕድሜ ያላቸውን የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል፤ ነፍስም ጠፍቷል። ስለ ጨለማ መናገርና ጨለማን ማገልገል የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መዝሙረ ዳዊት ውስጥም አለ። ሁለተኛው ግን በምንም ዓይነት ጊታር ቢታጀብ የእኛ አይደለም። ስድስተኛ ላይ የነበረው የስሌየር «ሬይን ኢን ብለድ» ላይ ተከራከርን። የመጀመሪያው ዘፈን አውሽዊትዝ ውስጥ በሰው ላይ ሙከራ ስላደረገው የናዚ ሐኪም ነው። «ክፋቱን ይተርካል፤ ግን አያለቅስበትም» አልኩት። ልጁም «መሳፍንት ምዕራፍ 19ስ፣ ጋሼ?» አለኝ። የዋዛ ተማሪ አይደለም! በመሳፍንት ውስጥ ሕዝቡ ያንን ግፍ አይቶ እንዲመክርበት እንደሚጠየቅ ነገርኩት። አልሰረዘውም፤ ከመተኛቱ በፊት መስማቱን ግን ተወ።

በፊልጵስዩስ 4፥8 ላይ እንድናስብ የታዘዝነው ምን እንደሆነ ወጣቶችን ስጠይቅ «ንጹሕ የሆነውን» ይሉኛል። ልክ ናችሁ፤ አለ። የጳውሎስ ዝርዝር የሚጀምረው ግን እውነተኛ በሆነው ነው። ንጹሕ ለመምሰል ብለን እውነቱን ስንደብቅ የመጀመሪያውን ዘለልነው ማለት ነው።

እኔም በተራዬ አንድ ነገር አስደመጥኩት። ስትራይፐር የሚባል የክርስቲያን ሜታል ባንድ በ1980ዎቹ ኢሳይያስ 53፥5ን ከስማቸው ሥር ይጽፍ፣ ከመድረክ ላይ አዲስ ኪዳን ለሕዝቡ ይወረውር ነበር። ቢጫና ጥቁር መስመር ያለበት ልብሳቸውን አይቶ «እንደ ንብ ናቸው!» ብሎ ሳቀ። ሁለት ዘፈን ሰምቶ ግን «ጎበዞች ናቸው፤ ሁልጊዜ ደስተኞች ናቸው እንጂ» አለኝ። ይህች ቃል ልቤ ውስጥ ቀረች። ስለ እኛ ኳየር የተናገረ መሰለኝ።

መዝሙር 88ን አንብቡት። ሰውየው ሌትና ቀን ይጮኻል፣ ነፍሱ መከራ ጠግባለች፣ ወዳጆቹ ርቀውታል። ሌሎች የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ ይህ ግን ጨለማ ውስጥ ያበቃል። እንዲያም ሆኖ መንፈስ ቅዱስ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦታል። ሰውየው እስከ መጨረሻው የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነውና። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ገደማ ታስሯል። የእርሱን መዝሙሮች ቀስ ብላችሁ ስትሰሙ መከራውን ያልደበቀ ሰው የዘመራቸው እንደሆኑ ትረዳላችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንዘምራቸው ውስጥ እናቱ የታመመችበት ልጅ አፉን ሞልቶ ሊዘምረው የሚችለው ስንቱ ነው?

ዝርዝሩ ላይ «የሚጠበቁ» የሚለው ገና ይቀረኛል። አንደኛ ዝርዝሩ ሲጻፍ ገና ያልወጣው የሜጋዴዝ አልበም ነበር። መሪው ዴቭ ማስቴይን በ1983 ከሜታሊካ የተባረረ፣ ብዙ ሱስ ያለፈ፣ በኋላ ክርስቶስን ያመነ፣ የጉሮሮ ካንሰርም የታከመ ሰው ነው። በኦገስት 2025 ቀጣዩ አልበም የመጨረሻው እንደሚሆን አሳውቆ ነበር። ሁለተኛ «ሜታሊካ?» ይላል፤ ባንዱ ገና ቀን አልቆረጠምና። ልጁ ግን በጎን ደምሮ ቀንሷል። ከ2008 እስከ 2016 ስምንት ዓመት፣ ከ2016 እስከ 2023 ሰባት ዓመት፤ እንግዲህ 2030 ገደማ። የምንወደውን ዘማሪ «ቁጥር 4» መቼ ይወጣል ብለን እንደምንቆጥረው ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር ተጽፏል፤ ፊት ለፊቱ ግን ባዶ ነው።

«ይህስ?» አልኩት።

«የምጠብቀው አለ፤ ስሙን ግን አላውቀውም» አለኝ።

ያንን ባዶ ቦታ እኔም ስጠብቀው ኖሬአለሁ። አያቴ አቋርጣ የተቀመጠችው ሙሾ በጌታ ፊት የሚጨርስበት የአማርኛ መዝሙር ነው። የታመመው እንደታመመ፣ የሞተው እንደሞተ ተጠርቶ፣ ትንሣኤም ሳይረሳ የሚዘመርበት። ልጁ አሁን ጊታር እየተማረ ነው። ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ያው ቲሸርት አንዳንዴ ከጃኬቱ ሥር ይታያል። ባለፈው ሳምንት መዝሙር 88ን በገዛ ቃሉ ለመጻፍ እየሞከረ ያለበትን ገጽ አሳየኝ። ከዚያው የሂሳብ ደብተር ነው፤ ሦስት መስመር ደርሷል። አልቸኮልኩም፤ ሜታሊካስ ሰባት ዓመት ይፈጅበት የለ?